የአባ ቶላ ማህደር

መዝገብ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ይርጋ መጀመሪያ ያሉኝ «ቦርሳሽን አስቀምጪና መሰላሉን ያዢልኝ» ነበር። እሳቸው ከላይ ሆነው ማህደር ይስባሉ፣ አቧራው እኔ ላይ ይወርዳል። ሲጨርሱ ወርደው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉና ጨበጡኝ። «ከዛሬ ጀምሮ የሰዉ ሁሉ ቤት በእጅሽ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ትልቅ ንግግር ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

የመሥሪያ ቤታችንን ስም አልጠራም። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ የይዞታ ጉዳይ ያለበት ሰው ደረጃውን ወጥቶ ወርዶበታል። ሥራችን የቤትና የመሬት ማህደር መጠበቅ ነበር። ባለጉዳዩ ስም ይናገራል፣ እኛ ማህደሩን ፈልገን ለባለሙያው እንሰጣለን፣ ባለሙያው አይቶ ይመልስልናል። ማህደሩ ያልተገኘ ሰው ቤት የለውም ማለት ነው፤ ማታ ማታ እዚያው ቤት ውስጥ ተኝቶ ቢያድርም።

የዚያኑ ቀን ቡድን መሪያችን አቶ ፍስሐ «በቀለ የሚባሉ ሰው ማህደር አምጪ» አሉኝ። ፊደል ስለቆጠርኩ በቀጥታ ወደ «በ» ሄድኩ። እዚያ ያሉት አንድ ባላምባራስና ጥቂት ባሻዎች ብቻ ናቸው። በቀለ የሚባል የለም።

ጋሽ ይርጋ ከኋላዬ መጥተው «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ።

«በቀለን እየፈለግኩ ነው፣ ጋሼ።»

«በቀለ ጓደኛሽ ነው? አቶ በቀለ ናቸው። አቶ በምን ይጀምራል?»

እንዲህ ነበር ነገሩ። ጋሽ ይርጋ ሰውን በባዶ ስሙ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ነውር ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ማህደሩ ሁሉ የተደረደረው በማዕረግ ነው። ካህናትና መነኮሳት ላይኛው መደርደሪያ፣ ሻምበልና ሻለቃ መሐል፣ አቶና ወይዘሮ ወለሉ ላይ፣ አይጥ ሠፈር። አንድ አቶ መካ ደርሶ ሐጂ ከሆነ ማህደሩን ተሸክመው ወደ ላይ ያወጡታል። ወይዘሪት ስታገባ ከወለሉ ጥግ ወደ ወይዘሮዎቹ መሐል ትዛወራለች። በዚያ መሥሪያ ቤት ያለ ደብዳቤ ዕድገት የሚያገኘው ማህደር ብቻ ነበር፤ እኛማ ስንት ዓመት ጠብቀን።

ለመሳቅ ቀላል ነው። ግን ጋሽ ይርጋ ፈልገው ያጡት ማህደር አልነበረም። ባለጉዳይ ገና በር ላይ ሲታይ «ቄሱ መጡ» ብለው መሰላሉን ይጎትታሉ።

ጡረታ ወጥተው ለቡ ሠፈር ልጃቸው ዘንድ ሲገቡ መደርደሪያው ለእኔ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ሲስተም መጣ። ማህደር ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ እንዲገባ ታዘዘ፣ እኛም ከሽፋኑ ላይ ያለውን እያየን አስገባን። ሲስተሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማዕረግ ነው። ጋሽ ይርጋ ይህን ሳያዩ በመሄዳቸው አዘንኩላቸው፤ ደስታቸው አይቻልም ነበር። «አባ» ብለን ስንመርጥ ደግሞ ሲስተሙ የጋብቻ ሁኔታ የሚለውን ቦታ በራሱ «ያላገባ» ብሎ ይዘጋዋል። መነኩሴ አያገባም፤ ማሽኑም ያውቃል።

አዴ ጫልቱ የሚባሉ እናት የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ላፍቶ ውስጥ ከተማው ሳይደርስ ጀምሮ የኖሩ የገበሬ ቤተሰብ ናቸው። ከእርሻው የቀራቸው ግቢያቸው፣ ላሞቻቸውና ትንሽ የጓሮ ጎመን ነው። በግቢያቸው ጥግ መንገድ ሊያልፍ ስለሆነ ለኪዎች ዓርብ ይመጣሉ ተብሏል። ማህደር ያለው ምትክ ቦታ ይሰጠዋል። ማህደር የሌለው ቤቱ «ጨረቃ ቤት» ተብሎ ይጻፍበታል፤ በሌሊት የተሠራ ሕገወጥ ቤት ማለት ነው፤ ይፈርሳል፣ አለቀ።

«የማን ማህደር ነው፣ እናቴ?» አልኳቸው።

«የአባ ቶላ።»

መሰላሉን ወጥቼ ከመነኮሳቱ መሐል ወዲያው አገኘሁት። በጋሽ ይርጋ ቆንጆ ጽሕፈት «አባ ቶላ» ይላል፣ ከጎኑ ትንሽ መስቀል ተሥሏል። ደስ ብሎኝ ወረድኩ።

«አባ ቶላ ምንዎ ናቸው?»

«ባሌ ነው።»

መሰላሉን እንደያዝኩ ቀረሁ። አቶ ፍስሐ ከጠረጴዛቸው ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«መነኩሴ ሚስት የለውም፣ እናቴ» አሉ በትሕትና። «ከመመንኮሳቸው በፊት ነው የተጋባችሁት?»

«ማን ነው የመነኮሰው?»

«አባ ቶላ።»

አዴ ጫልቱ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አዩ። «ጠዋት ላም ሲያልብ ትቼው ነው የመጣሁት!»

«ገዳምም ላም አለ» አሉ አቶ ፍስሐ።

«ስንት ልጅ ወልጄለት!»

አቶ ፍስሐ ወደ ወረፋው ዞር ብለው ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይህን እዚህ አይናገሩ። የአባታችንን ክብር ይጠብቁ እንጂ።»

አቶ ፍስሐ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሲስተሙ «ያላገባ» ካለ ለሚስት የሚከፈት በር የለም፤ በግድ ከከፈቱት ደግሞ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ባልየው ራሳቸው ይምጡ አሉ። አዴ ጫልቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ ቢሮ አይገባም። ከድሮም ቢሮ አይወድም።» አቶ ፍስሐ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «አየሽ፣ ዓለምን የናቀ ሰው እንዲህ ነው» አሉኝ።

በመጨረሻ መፍትሔ ብለው ያመጡት ይህን ነው፤ አባ ቶላ ምንኩስናቸውን ትተው ወደ ዓለም መመለሳቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቤተ ክርስቲያን ይምጣ። አዴ ጫልቱ ሄዱ፤ ማክሰኞ ደብዳቤ ይዘው ተመለሱ። ደብዳቤው አጭር ነው። «አባ ቶላ የሚባሉ መነኩሴ አናውቅም። የማናውቀውን ማሰናበት አንችልም።»

አቶ ፍስሐ ደጋግመው አነበቡት። «መነኩሴ አይደሉም አላሉም» አሉ። «ሌላ ደብር ናቸው ማለት ነው።»

አዴ ጫልቱ ይህን ሲሰሙ አልጮኹም። አግዳሚው ላይ ተቀመጡና «ዓርብ መጥተው ቤቴን ጨረቃ ቤት ብለው ሲጽፉ ቆሜ ልይ፣ ልጄ?» አሉኝ። ማህደሩ እኮ እጄ ላይ ነው። ማህደር ሲጠፋ የሚባለውን አውቃለሁ። ማህደር ተገኝቶ ሰው ቤቱን ሲያጣ ምን እንደሚባል ግን ማንም አላስተማረኝም።

ከሥራ ስወጣ በሚኒባስ ለቡ ሄድኩ። ጋሽ ይርጋ ፒጃማ ላይ ኮት ደርበው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ገና «አባ ቶላ» ስል ፊታቸው በራ።

«ላይኛው መደርደሪያ፣ በስተቀኝ! ምን ሆኑ? አረፉ እንዴ?»

«በሕይወት አሉ፣ ጋሼ። ሚስታቸው ናቸው የመጡት።»

ጋሽ ይርጋ «የዛሬ ሰው» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ማህደሩ እንዴት እንደተከፈተ ጠየቅኳቸው። በደንብ ያስታውሳሉ። «ያን ጊዜ ነባር ባለይዞታዎችን ስንመዘግብ አንዲት ሴት መጣች። ይዞታው የማን ነው? አልኳት። የአባ ቶላ አለችኝ። ሙሉ ስማቸውን ንገሪኝ ብላት አንገቷን ደፍታ ዝም። ደግሜ ብጠይቃት ዝም። መነኩሴ በዓለም ስሙ አይጠራም ብላ ነው ብዬ ጨዋነቷን አደነቅኩ። እንደነገረችኝ ጻፍኩት።»

«መስቀሉንስ?»

«መስቀሉን እኔ ጨመርኩበት።»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ወደ ላፍቶ ሄድኩ። መነኩሴውን በዓይኔ ካላየሁ ነገሩ የሚገባኝ አልመሰለኝም። አዴ ጫልቱ በር ላይ ተቀበሉኝ። ገና ሰላም ስንባባል ከአጥር ማዶ አንዲት ጎረቤት «ሃዳ ቶላ!» ብላ ተጣራች። አዴ ጫልቱ «ወይ!» አሉ።

«ሃዳ ምንድን ነው?» አልኳት ጎረቤቲቱን።

«እናት ነዋ። ልጇ ቶላ ነው፣ የቶላ እናት።»

«አባስ?»

ሴትዮዋ እንደ ሞኝ አየችኝ። «አባ አባት ነው! አንቺ ከየት ነው የመጣሽው?»

ከጎጃም ነው የመጣሁት። በእኔ አገር አባ ማለት ቆብ አድርጎ መቋሚያ የያዘ ሰው ነው። ጋሽ ይርጋም የመንዝ ሰው ናቸው። ሁለታችንም ዕድሜያችንን ኦሮሞ በሚኖርበት ሠፈር ስንሠራ ኖረን የአንድን ገበሬ ልጅ ስም ለአባቱ ሰጥተን፣ አባትየውን አመንኩሰን፣ መደርደሪያ ላይ ሰቅለናቸው ኖረናል። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ብስቅ ያፍሩብኛል፣ ባለቅስም ምክንያቱ አይገባቸውም።

ባልየው ሣር ተሸክመው፣ ቦት ጫማ አድርገው በጓሮ በኩል መጡ። ነገሩን ስነግራቸው ሸክሙን ጥለው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «ትናንት ቁርጥ የበላሁት መነኩሴ ሆኜ ነው?»

«ስምዎ ማን ነው፣ አባቴ?»

«ገመቹ ሆርዶፋ።»

ወደ አዴ ጫልቱ ዞርኩ። «ታዲያ ይህን ስም ያን ጊዜ ለምን አልተናገሩትም?» አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዞር አሉ። የመለሱልኝ ባልየው ናቸው። በእነሱ ደንብ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። «ካገባችኝ ጀምሮ ስሜን ከአፏ ሰምቼው አላውቅም» አሉኝ። እንደ ቅሬታ አልነበረም የተናገሩት፤ አንድ ሰው ስለ ጓሮው እንደሚያወራ ነበር።

ነገሩ አለቀ ብዬ እየሮጥኩ ቢሮ ተመለስኩ። አቶ ፍስሐ አዳምጠውኝ የስም ማስተካከያ መመሪያውን አወጡ። በሰው ቃል የተከፈተ ማህደር የሚታረመው ቃሉን በሰጠው ሰው ቃል ነው ይላል።

«እሳቸው ራሳቸው ስማቸውን ቢናገሩስ?» አልኳቸው።

«እስኪታረም ድረስ እሳቸው አባ ቶላ ናቸው። አባ ቶላ ስለ ገመቹ እንዴት ይመሰክራሉ?»

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱም መጡ። አቶ ገመቹ ቦት ጫማቸውን እንዳደረጉ በሩ ላይ ቆሙ፤ ወደ ውስጥ አልገባም አሉ፣ በሩ ይበቃል ተብሎ ተፈቀደ። አቶ ፍስሐ ሲያዩአቸው ከወንበራቸው ብድግ ብለው ነበር፤ ወዲያው ራሳቸውን ታዝበው ተቀመጡ።

«የባለቤትዎን ሙሉ ስም ይናገሩ» አሉ አዴ ጫልቱን።

አዴ ጫልቱ ወለሉን አዩ።

«በጽሑፍ ቢሆንስ?» አልኩ እኔ።

«በቃል ይላል።»

አዴ ጫልቱ አፋቸውን ከፈቱ፣ ድምፅ አልወጣም። አቶ ፍስሐ እንኳ ጣታቸውን ከኮምፒውተሩ አንስተው ጠበቁ። እኔ መሰላሉን ይዤ ነበር የቆምኩት። ቤታቸውን ለማዳን የምንጠይቃቸው ነገር እኛ ዘንድ ምንም እንዳልሆነ፣ እሳቸው ዘንድ ግን ዕድሜ ልክ የጠበቁት ክብር እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በጣም አፈርኩ።

«ገመቹ» አሉ በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ። ትንፋሽ ወሰዱ። «ገመቹ ሆርዶፋ።»

«አቤት!» አሉ አቶ ገመቹ ከበሩ።

ኮፍያቸውን አውልቀው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ማንም አልሳቀም። አዴ ጫልቱ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ይሳቁ ያልቅሱ አላየሁም። አቶ ፍስሐ ጎንበስ ብለው ስሙን ጻፉ፣ ማዕረጉን ቀየሩ፣ «ያገባ» የሚለው ቦታ ተከፈተ።

ዓርብ ለኪዎቹ መጥተው ግቢውን በአቶ ገመቹ ሆርዶፋ ስም ለኩት። ምትክ ቦታው ተፈቀደላቸው።

አዲስ ሠራተኛ ሲመጣልኝ የምነግረው ይህን ብቻ ነው፦ ባለጉዳይ ጠይቃችሁት ዝም ካለ፣ ለምን ዝም እንዳለ ጠይቁት። ዝም ያለበትን ቦታ ግን ራሳችሁ አትሙሉት።