የዝንጅብል ቅባት

ሽማግሌው ቫዮሊን ተጫዋች ወደ ባህል መድኃኒት ሻጯ ሱቅ የሚመጡት ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ነው። የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ አብጧል፤ የግራ እጃቸው ጥፍር ግን ክሩን ደህና አድርጎ ለመጫን እንዲመች ሁልጊዜ እስከ ሥጋው ይቆረጣል። የሚገዙትን የዝንጅብል ቅባት እዚያው ከፍተውት አያውቁም።

«አባባ፣ ትንሽ ይቀቡት እንጂ» ስትላቸው፣ «ቅባት የነካው ጣት ክር ላይ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ልጫወት፤ ሕመሙ ይደርሳል» እያሉ ያስቋት ነበር።

ዛሬ ግን ጠርሙሱን እንደ ተቀበሉ ከፍተው ሁለቱንም እጆቻቸውን ቀስ እያሉ አሹ።

«ምነው አባባ፣ ማታ ጨዋታ የለም እንዴ?»

«ደግ ቅባት ነው፤ ያሞቃል» አሉ፣ ጥያቄዋን እንዳልሰሙ ሆነው።

ጠርሙሱን መልሳ ስትከድንላቸው ዓይኗ ግራ እጃቸው ላይ አረፈ። ጥፍሩ አድጓል።