ለስድስት የተቆረሰ አምባሻ

ፖሊሶች የያዙኝ አዲስ አበባ፣ ለቡ፣ እናቴ ቤት በራፍ ላይ ነው፤ ከጅቡቲ ለእረፍት በመጣሁ በአራተኛው ቀን። ቴሌግራም ላይ የጻፍኳቸውን ሦስት መስመሮች በወረቀት አትመው ይዘዋል። ጫማ ልቀይር ስላቸው ፈቀዱልኝ። ጣቢያ ስደርስ ኪሴን ፈትሸው የተማሪዎቼን ፈተና የማርምበትን ቀይ እስክሪብቶ ወሰዱብኝ። ከሁሉም በላይ ያናደደኝ እሱ ነበር፤ ሰው ሲጨንቀው የሚናደድበትን ነገር እንኳ አይመርጥም።

የታሰርኩባት የሴቶች ክፍል በረኪናና እርጥብ ብርድ ልብስ ትሸታለች። ሸሸት ብላ ቦታ የሰጠችኝ ላፍቶ አትክልት የምትሸጥ ሴት ነበረች። ወንድሟን ፈልገው ሲያጡት እሷን ይዘዋታል። ሥራዬን ስትጠይቀኝ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ አልኳት። ትንሽ አየችኝና ልጇ የስድስተኛ ክፍል ፈተና እንደደረሰባት ነገረችኝ። ልጅቷ ሒሳቡ አይገባኝም፣ አንቺም የለሽ፣ አልፈተንም እያለች ነው። እናትየው ፊደል አልቆጠረችም። ግን ልጇ ስታጠና ሁልጊዜ አጠገቧ ትቀመጥ ነበር፤ አሁን የጎደለው እሱ ነው።

ወረቀት ማስገባትም ማስወጣትም ክልክል ስለሆነ እናትየው የልጇን ጥያቄ በቃሏ ይዛ ልትመጣልኝ ተስማማን። በማግስቱ ልጇ ጠይቃት ከሄደች በኋላ ወደ ክፍሉ ስትመለስ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ግማሽ ሲደመር አንድ ሦስተኛ። ልጅቷ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምራ ሁለት አምስተኛ ብላ ስህተት ተብላለች፤ ለምን እንደተሳሳተች ግን አልገባትም።

እኔም እንደ ልማዴ ስለ ላዕልና ታሕት መተንተን ጀመርኩ። ከዚያ ፊቷን አየሁት። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ጅቡቲ ያሉት ተማሪዎቼ ቤታቸው ሶማልኛና አፋርኛ እያወሩ፣ እኔ ጠዋት በእንግሊዝኛ፣ ከሰዓት በፈረንሳይኛ ስለፈልፍባቸው እንዲሁ ነበር የሚያዩኝ። ቃሉን ይደግሙታል፤ ነገሩ ግን አልገባቸውም። አንዲት አንጋፋ ባልደረባዬ መጀመሪያ በእጃቸው፣ ቀጥሎ በቤታቸው ቋንቋ፣ መጽሐፉን መጨረሻ ላይ ብላ እስክትመክረኝ ድረስ አንድ ሙሉ ዓመት አባክኜባቸዋለሁ።

ትንታኔዬን ትቼ ከስንቃችን አምባሻ አወጣሁ። ቢላ የለም፤ ከነጠላዋ ጫፍ ክር መዘዝንና በክሩ ለስድስት ቆረጥነው። በምትነግጂበት ቋንቋ ቁጠሪው አልኳት። በኦሮምኛ ቆጠረችው። ግማሹ ሦስት ቁራሽ ሆነ፣ ሲሶው ሁለት። አምስቱን ሰብስባ የቀረችውን አንዷን ስታይ ሳቀች።

"ከአምስት ሁለቱማ ግማሽም አይሞላ። ጨምራ ጨምራ እንዴት ያንስባታል?" አለችኝ።

እዚያ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ በጥየቃ ሰዓት ልጅቷ ከአክስቷ ጋር ታሳሪና ጠያቂን ከሚለየው ገመድ ወዲያ ቆማለች፤ እኔን ሊጠይቅ የመጣው ወንድሜ ከጎናቸው ነው። እናትየው ግማሹ ሦስት፣ ሲሶው ሁለት ማለት እንደጀመረች ስንቅ የሚፈትሸው ወጣት ፖሊስ አስቆማት። የምን ቁጥር ነው የምትለዋወጡት፣ በቃ ጥየቃው አብቅቷል አለ። ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ወደ ኋላ ማለት ጀመረች። እንደዚያ ሆና ከሄደች ፈተናው እንደሚቀር ገብቶኛል። እኔ አስተማሪዋ አንድ ቃል መናገር እችል ነበር። ፈራሁና ዝም አልኩ።

እናትየው ግን ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ "ልጄ፣ ያመጡልኝን አምባሻ ለፍተሻ መቁረስህ አይቀርም። እባክህ ለስድስት እኩል አድርገህ ቁረሰው። ሒሳብ እያስጠናኋት ነው" አለችው።

ሌላ ጊዜ አውራ ጣቱን ሰክቶ ነበር የሚፈረፍረው። ያን ቀን እሷንም ልጅቷንም አየና አምባሻውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ለሁለት ገመሰው። ከዚያ እያንዳንዱን ግማሽ ለሦስት ሲቆርስ፣ ተለቅ ካለው ቆንጠር አድርጎ ሲያስተካክል ለእናቱ እንደታዘዘ ልጅ ይጠነቀቅ ነበር። እናትየው ሦስቱን ለብቻ፣ ሁለቱን ለብቻ አድርጋ፣ "በይ አሁን አንቺ ንገሪኝ" አለቻት።

ልጅቷ ቁራሾቹን በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች። "አምስት ስድስተኛ።"

"ነገም ጥያቄ ይዘሽ ነይ" አለች እናቷ። ከዚያ የቀረችውን ቁራሽ ወደ ፖሊሱ ገፋ አደረገችለት። "ይቺ ከመልሱ የተረፈችው ናት። ያንተ ናት።"

ከታሳሪ ስንቅ መብላት አይፈቀድልንም አላት። ጥቂት ቆይቶ ግን አነሳት፤ ፊቱን አዙሮ በላት።

ልጅቷ ተፈትና አለፈች። እናትየው ወንድሟ ሳይገኝ ተለቀቀች፤ እኔም ከእሷ ሁለት ሳምንት ዘግይቼ ወጣሁና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ዛሬም ክፍልፋይ የምጀምር ቀን ዳቦ ይዤ ነው የምገባው። አምስቱን ቁራሽ ከቆጠሩ በኋላ የተረፈችው የማን ናት ብለው በሁለቱም ቋንቋ ይጠይቁኛል። ለበሩ ጥበቃ ውሰዱለት እላቸዋለሁ። ያቺን ቁራሽ እሷ ስትሰጥ እኔ አጠገቧ ዝም ብዬ ቆሜ እንደነበር ግን እስካሁን ለአንዳቸውም አልነገርኳቸውም።