ቅዳሜ የእናቴ ተራ ነበር

እናቴን በአዳራሽ ያመሰገንንበት ቪዲዮ እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ። ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። አጥፊው ቢሉኝም አላጠፋውም፤ እኔም ያለሁበት ጥፋት ነውና ይቆይ።

ነገሩን ያመጣው አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ እናቴ ሆሳዕና አጠገብ ሌሞ፣ እንሰቷ መሀል ብቻዋን ነው የምትኖረው። «ሰው ሁሉ ለወላጆቹ የምስጋና ቀን ያዘጋጃል፤ እኛ ምን ሆነን ነው?» ብሎ በቴሌግራም ግሩፓችን ጻፈ። ደቡብ አፍሪካ ያለችው እህቴ ወዲያው ልብ ደረደረችበት። ሆሳዕና አዳራሽ ተያዘ፣ ኬክ ታዘዘ፣ የእናቴ ፎቶ ያለበት ባነር ተሠራ። ቀኑ ቅዳሜ ሆነ። እሷ ግን እንዳትሰማ፤ ሰርፕራይዝ ነው አሉ። ድንቄም ሰርፕራይዝ! የሰውን ቀን ሳይጠይቁ ወስዶ ስም ማውጣት!

እኔ ሆሳዕና አስተማሪ ነኝ፤ በየሳምንቱ እሷ ዘንድ የምሄደውም እኔ ነኝ። ቅዳሜ የወንፈል ተራዋ እንደሆነ ነግራኛለች። አምስት ሴቶች ናቸው፤ እየተዟዟሩ አንዳቸው የሌላዋን እንሰት ይፍቃሉ፣ ባለተራዋ ምሳ ታበላለች። እናቴ በዕድሜ ትልቋ ናት። ከመካከላቸው አንዷ «አሁንስ ደከመች» ማለቷን ሰምታ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ከወንፈል የወጣች ሴት እንሰቷን የምታስፍቀው ሰው ለምና ነው፤ «ከዚያስ ሞት ይሻለኛል» ትል ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለወንድሜ ምን አልኩት? «ችግር የለም፣ አንድ ቀን ነው።» አፌን ቁርጥ ያርገው!

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ በተከራየው መኪና ደረስን። እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ፣ የቀርከሃ መፋቂያዋን ይዛ ሳንቃው ፊት ተቀምጣለች። አራቱ ሴቶችም ግራና ቀኝ ሥራ ጀምረዋል። ዓርብ ያስነቀለችው እንሰት ተቆልሏል፤ አንዴ ከተነቀለ ደግሞ ዛሬ ነገ አይባልም።

«ዛሬማ አይሆንም ልጆቼ» አለች። «ተራዬ ነው።»

«እማዬ፣ አሁንስ እረፊ! በዚህ ዕድሜሽ ምን ያለፋሻል? ዛሬ ያንቺ ቀን ነው» አላት ወንድሜ፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ።

«የእኔ ቀንማ ይኸው» አለች፣ በመፋቂያዋ ክምሩን እያሳየች።

ማን ሰምቷት! መፋቂያውን ከእጇ የወሰድኩት እኔ ነኝ። እጇን ያስታጠብኳት፣ አዲሱን ቀሚስ ያለበስኳት እኔ ነኝ። ሴቶቹ «ሂጂ እንጂ፣ ልጆችሽን አታስከፊ» አሏት። ክምሩን ዞራ እያየች መኪናው ውስጥ ገባች።

አዳራሹ ውስጥ ጋቢ ደረብንላት። ወንድሜ ማይክ ይዞ ስለ ልፋቷ ሲያወራ አለቀሰ። ያንኑ ልፋት ጠዋት አስጥሏት መምጣቱ ትዝም አላለው። ሰው ያጨበጭባል። እሷ ወደ እኔ ጠጋ ብላ በሀዲይኛ «ምሳቸውን ማን ሰጣቸው?» አለችኝ። «ይበላሉ፣ አታስቢ» አልኳት። ኬኩን ቁረጪ ሲሏትም፣ ፎቶ ተነሺ ሲሏትም፣ ደጋግማ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው።

አመሻሽ ላይ ስንመልሳት ሴቶቹ የሉም። እንሰቱ አንድም ሳይቀር ተፍቆ፣ ጉድጓድ ገብቶ በቅጠል ተሸፍኗል። ግቢውም ተጠርጓል። የሠራችላቸው ጎመን በቅቤ ግን ከነድስቱ እንደተከደነ ነው። ባለቤቷ በሌለችበት ቤት ማን ገብቶ ይበላል? እናቴ ክዳኑን ከፍታ አየችና መልሳ ከደነችው።

በሳምንቱ ተራው የጎረቤቷ ነበር። መፋቂያዋን ይዛ ሄደች። ሴቶቹ ብድግ ብለው ተቀበሏት፤ ጥላ ሥር በርጩማ አስቀመጡላትና «አንቺ እረፊ» አሏት። «ልጆችሽ እንኳ እረፊ ብለውሻል። እኛ ብናለፋሽ ምን ይሉናል?» ምሳ ሳይደርስ ቤቷ ተመለሰች። እነሱስ ክፋት የለባቸውም፤ ማክበራቸው ነው። አርጅታለች ብለን በሰው ፊት ያወጅነው እኛው ልጆቿ ነን፤ የማንን አንገት ልነቅ?

ዘንድሮ ወንድሜ ደወለ። «ያኔ ደስ ብሏት አልነበር? ይደገም እንጂ!» አለ። ጮህኩበት። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፤ የግቢው ተከራዮች በር ከፍተው አዩኝ። ያን ሁሉ ተናግሬ እሱ የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እሺ በቃ፣ ቀኑን ራሷ ትምረጥ» አለኝ።

ሄጄ ጠየቅኋት። በሯ ላይ ጋቢውን ለብሳ ተቀምጣ ነበር። እንሰቷን የሚፍቅላት ሰው ልኬላት፣ ከጓሮ የመፋቂያ ድምፅ ይሰማል።

«የትኛው ቀን ይመችሻል እማዬ?»

«ቀን ምን ቸገረኝ ልጄ» አለች። «አሁን ምን ተራ አለኝና?»