ሟርተኛው የፈረመው ደብዳቤ

አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰኞው ደብዳቤ ከመታተሙ በፊት እኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፍ ነበር። እኔ የኢንቨስትመንት ድርጅቱ አራሚ ነኝ፤ ጸሐፊው ደግሞ የአክሲዮን ስትራቴጂስታችን ነበር። ሥራው ደንበኞቻችን አክሲዮን ይግዙ፣ ይያዙ ወይስ ይሽጡ የሚለውን መንገር ነው። ቢሮ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። "ሟርተኛው" ነበር የምንለው።

ሲጀምር መዝገብ ቤት ነበር። የኩባንያዎችን ዓመታዊ ሪፖርት ከመጨረሻው ገጽ ወደ ፊት ማንበብ የለመደው እዚያ ነው። ፊት ለፊት ያለው የሊቀ መንበሩ ፈገግታ ነው፤ ጉዱ ያለው ከኋላ፣ በደቃቅ ፊደል የግርጌ ማስታወሻው ውስጥ ነው ይል ነበር። እንዲህ እያነበበ ስትራቴጂስትነት ደረሰ። ስለ ገበያ የሚያምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትርፉ ሳያድግ ዋጋው ለብቻው የሚጋልብ አክሲዮን አያዛልቅም፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አንድ ጊዜ ይህንኑ ጻፈና "ሽጡ" አለ። ገበያው ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ወጣ። ምክሩን ሰምተው የሸጡት፣ ጎረቤታቸው ሲከብር እያዩ ጥለውን ሄዱ። በሦስተኛው ዓመት ገበያው ወደቀ፤ ማን አስታወሰው? ያኔ ሥራ አስኪያጁ ሕግ አወጣ። ደብዳቤው ድርጅቱ የሚለውን ይላል፤ ከዚያ የተለየ ነገር ለእናቱም ቢሆን የተናገረ ይባረራል፣ ሰምቶ ዝም ያለም አብሮ ይባረራል።

ባለፈው ዓመት ገበያው ሰክሮ ነበር። ሟርተኛው ደብዳቤውን "ሽጡ፤ አሁኑኑ ሽጡ" ብሎ ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ አስተካክለው ብሎ ወደ እኔ ላከው። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩና በላዩ "በጥንቃቄ መግዛቱን ቀጥሉ" ብዬ ጻፍኩ። በጥንቃቄ መግዛት ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላውቅም። ሟርተኛው አነበበና ፈረመ። ለጡረታው ሦስት ዓመት ቀርቶት ነበር።

ደብዳቤው በወጣ ማግሥት እሱ ቢሮ ተቀምጬ ሳለ ታላቅ እህቱ ደወሉ። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ በአስተማሪ ደመወዝ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ጡረታ ወጥተው ያጠራቀሙትን ሁሉ አክሲዮን ሊገዙበት ነበር። ድምፃቸው ጎላ ያለ ስለሆነ ይሰማኛል። ደብዳቤውን አንብበዋል፤ ግን ከገዛ አፉ ሊሰሙት ፈልገዋል።

ቀና ብሎ አየኝ። ምን ነበር ወጣ ብልለት! በሩ ሁለት እርምጃ ነው። እኔ ግን ወረቀቴ ላይ አቀርቅሬ የሌለ ስሕተት ስፈልግ ቆየሁ።

"እንደጻፍኩት ነው፣ እትዬ" አላቸው።

አራት ወር ሳይሞላ ገበያው ተንኮታኮተ። ከእህቱ ገንዘብ ሲሶው እንኳ አልተረፈም። ዛሬ በስልሳ አምስት ዓመታቸው የሰው ልጅ ሊያስጠኑ ከቤት ቤት ይዞራሉ። ደንበኞች ሲጮኹ ሥራ አስኪያጁ ፊርማውን አሳያቸው። ሟርተኛው ባለማሟረቱ ተባረረ። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው አፈርኩ።

ዕቃውን ለመውሰድ የመጡት እህቱ ናቸው። እሱ ከቤት አይወጣም አሉ። መሳቢያውን ሲያራግፉ ያ ረቂቅ ወጣ፤ ለካ አስቀምጦት ኖሯል። ዕድሜ ልካቸውን ደብተር ሲያርሙ የኖሩ ሴት ናቸውና ቀይ ቀለም አያመልጣቸውም። ቀኑን አዩ፤ የተሰረዘውን አነበቡ።

"ይሄ የእርስዎ እጅ ጽሑፍ ነው?"

"አዎ" አልኩ።

"የመሥሪያ ቤታችሁን ሕግ አውቃለሁ። ሰው ፊት ሌላ መናገር አይችልም። የደወልኩለት ቀን አጠገቡ ሰው ነበር? እሱን ስጠይቀው ዝም ነው የሚለኝ።"

አላጋለጠኝም ማለት ነው።

"ማንም አልነበረም" አልኳቸው።

ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

"እንግዲያው ማንም ሳያስገድደው ነው የዋሸኝ" አሉና ካርቶኑን አንስተው ወጡ።

ደረጃውን ቀስ እያሉ ሲወርዱ ይሰማኝ ነበር። ልጠራቸው እችል ነበር። ለጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል።