ማንስፊልድ ኮረብታ ላይ ስኪ የተማርንባቸው ሁለት ቀናት

አርብ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

ሚነርቫ ፓርክ ገና አልነጋም። በዲሴምበር ኦሃዮ ውስጥ ፀሐይ እስክትወጣ ከጠበቁ የቀኑ ሲሶ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዕቃውን የምንጭነው በበረንዳው መብራት ነው። በጥቁር ከረጢት የታጨቀ የበረዶ ሱሪና ጃኬት፣ ሁለት ቴርሞስ ሻይ፣ በፎይል የተጠቀለለ የእንቁላል ሳንድዊች፣ ሰናይት ትናንት የጋገረችው ድፎ ዳቦ። የመኪናው መስታወት ላይ የተጋገረውን በረዶ እየፋቅሁ ሳለሁ እትዬ አስቴር ደወሉ። ልብሱን ያዋሱን እሳቸው ናቸው፤ የልጆቻቸው ነበር፣ ልጆቹ አድገው ወጥተዋል።

«ዳዊትዬ፣ ጓንት ሁለት ሁለት ያዙ፤ አንዱ ይረጥባል።»

«ይዘናል እትዬ።»

«አንተ ደግሞ እንዳትሞክር! ጉልበትህ የሥራ ጉልበት ነው።»

ሳቅሁና ዘጋሁት። ለመሞከር ወስኛለሁ።

ተጓዦቹ አራት ነን። ባለቤቴ ሰናይት ነርሲንግ ሆም ትሠራለች፤ ለዚህ ጉዞ ብላ ሺፍት ቀይራለች። ማርታ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ናታን አሥራ አራት። እኔ ከሁሉም ሰባት ዓመት ቀድሜ ነው የመጣሁት፤ የእነሱ የቪዛ ጉዳይ ያን ያህል ጊዜ ፈጀ። ባለፈው መጋቢት ሦስቱም ኮለምበስ ገቡ። በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ከጀመርን ዘጠኝ ወር ሆነን ማለት ነው። ሰባት ዓመት በስልክ ስናወራ የኖርን ሰዎች ፊት ለፊት ስንቀመጥ ግን ወሬ አጣን። «ትምህርት እንዴት ነው?» «ጥሩ ነው።» «ብርዱስ?» «ጥሩ ነው።» ለዕረፍታችሁ ምን ላድርግላችሁ ብዬ ስጠይቅ ናታን በአንድ ቃል መለሰ፤ «ስኪ።» በበረዶ ላይ መንሸራተት ማለቱ ነው። ከዚያ ውጭ ምንም የጠየቀኝ ነገር ስለሌለ አልተከራከርኩም።

አርብ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

አውራ ጎዳና ሰባ አንድን ይዘን ወደ ሰሜን። ሉዊስ ሴንተር አካባቢ አዳዲስ ቤቶች በአንድ ቀለም ተሰልፈዋል፤ እነሱን እንዳለፍን አገሩ ይከፈታል። የታጨደ የበቆሎ ማሳ፣ ውርጭ ያነጣው ገለባ፣ ቀይ ጎተራ፣ አንድ ብቸኛ ፈረስ ከነብርድ ልብሱ። ሥራዬ ሾፌርነት ነው፤ ደብሊን ካለ መጋዘን ዕቃ ጭኜ በየቤቱ አደርሳለሁ። መንገድ ላይ የሚያስፈራኝ ነገር የለም። ከኋላ ሁለቱም ልጆች ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተዋል።

በረዶ ግን የለም። ማሳው ቡናማ፣ ሰማዩ ግራጫ። «አባ፣ ስኖው የታለ?» አለ ናታን። እኔም መጨነቅ ጀምሬ ነበር። ከማንስፊልድ በታች ካለው መውጫ ወጥተን፣ ጠባቡን መንገድ ሁለት ጊዜ እንደታጠፍን ግን ኮረብታው ፊታችን ድቅን አለ። ዙሪያው ሁሉ ቡናማ ሆኖ እሱ ብቻውን ነጭ ነው! ሌሊቱን ሙሉ በመድፍ በሚመስል ማሽን በረዶ እየረጩበት ነው የሚያድሩት። ሰናይት አፏን ይዛ ቀረች። «ሰው ይህን ሁሉ ደክሞ የሚሠራው ለመንሸራተት ነው?» አለች።

አርብ፣ አራት ሰዓት

ዕቃ የሚያከራዩበት አዳራሽ የእርጥብ ካልሲና የላስቲክ ሽታ አለው። ቲኬቱ፣ ኪራዩና የጀማሪዎች ትምህርቱ በአንድ ላይ ነው የሚከፈለው፤ ርካሽ አይደለም፣ ግን የሚያስቆጭም አይደለም። የጫማ ቁጥር ሲጠይቁ እኔ ቀደም ብዬ መለስኩ። ለዓመታት ጫማ ስልክላቸው ስለኖርኩ የሁለቱንም ቁጥር በቃሌ አውቃለሁ።

«ናታን ስምንት፣ ማርታ ሰባት።»

ናታን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «አባ፣ አሥር ተኩል ነኝ።»

ሰውዬው አሥር ተኩሉን አመጣ። የማርታም ስምንት ሆኖ ተገኘ። ስለ ጫማ ቁጥር ብዙ የምጽፈው የለኝም፤ ጎንበስ ብዬ የራሴን ቡት ማሰር ያዝኩ።

ቡቱ እግርን በሲሚንቶ እንደ መለሰን ነው። ከአዳራሹ እስከ በረዶው ያለችውን ሃምሳ እርምጃ ሦስታችንም እንደ ዳክዬ ተራመድናት።

አስተማሪያችን ሊንዳ ትባላለች። ሰባ ዓመት አልፏታል፣ ቀይ ጃኬት ለብሳለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ ስትወጣ ወደ ኮረብታው መጣች። የሙያ ባልደረባዬ ናት ማለት ነው። የመጀመሪያው ትምህርቷ ስለ ምግብ ነው። ከእግር ሥር የሚገጠሙትን የሁለቱን ስኪዎች ጫፍ ማገናኘት «ፒዛ» ይባላል፤ ያቆማል። ጎን ለጎን ማድረግ «ፍሬንች ፍራይስ»፣ የተጠበሰ ድንች፣ ይባላል፤ ያስኬዳል። ልጆቹ ወዲያው ገባቸው።

ልጆቼን የዚያን ቀን ነው ያወቅኋቸው ብል ማጋነን አይሆንም። ናታን ሳያስብ ይሄዳል፣ ይወድቃል፣ ይስቃል፣ በረዶውን ከአፉ ይተፋና እንደገና ይሄዳል። አሥራ አንድ ጊዜ ሲወድቅ ቆጥሬአለሁ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀጥ ብሎ ታች ደረሰና «አይ ጎት ኢት! ቻልኩት!» ብሎ ጮኸ። ማርታ ሌላ ሰው ናት። ቆማ ታያለች። የሊንዳን ጉልበት ታያለች፣ የሌሎቹን ስህተት ታያለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ተራዋን ሁለት ጊዜ ለሌላ ሰው አሳለፈች። ሦስተኛው ላይ ስትነሳ ግን በዝግታ፣ በፒዛ፣ አንድም ጊዜ ሳትወድቅ ሊንዳ ጫማ አጠገብ መጥታ ቆመች። ሊንዳ ኮፍያዋን አነሳችላት።

እኔ ወደቅሁ። ሊንዳ እያነሳችኝ እንዲህ አለችኝ፤ «አንተ የምታየው ልጆችህን ነው። የምትሄድበትን እይ።»

አርብ፣ ሰባት ሰዓት

ሰናይት እኔ አልሞክርም ብላ፣ ምግብ ቤቱ ውስጥ ካለው የምድጃ እሳት አጠገብ ጥሩ ቦታ ይዛ፣ ሹራብ ከምትሠራ አንዲት የማንስፊልድ ሴትዮ ጋር ተወዳጅታ ጠበቀችን። ሴትዮዋ ድፎ ዳቦውን ሁለተኛ ጊዜ እየቆረሰች ነው። ቺሊ የሚሉት የሥጋና የቦሎቄ ወጥ በአይብ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ስድስት ዶላር የሚያስከፍሉበት ሆት ቾኮሌት። ጉንጮች ሁሉ ቀልተዋል። ናታን አፉን ሞልቶ፣ «አሁን ቼርሊፍቱን እንሞክር» አለ። ወንበር በሽቦ ተንጠልጥሎ ወደ መካከለኛው ኮረብታ የሚያወጣው ማለቱ ነው።

«ብቻህን አትሄድም» አልኩት።

«እሺ፣ ና።»

ሲወጣ ደስ ይላል። እግር አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጥዶቹ ከታች፣ ልጄ ከአጠገቤ። ችግሩ መውረጃው ላይ ነው። ከወንበሩ ስነሳ ተደፋሁ፤ ሠራተኛው ማሽኑን አቆመው፣ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ በአየር ላይ ቀረ። ናታን ጎትቶ አነሳኝና «ዩ ጉድ?» አለኝ። «ደህና ነኝ፣ ሂድ» አልኩት። ሄደ። እኔ ቁልቁለቱ ጫፍ ድረስ ተንሸራተትኩና ታች አየሁ።

ፈራሁ። እውነቱን ነው የምጽፈው። በጥር የበረዶ ማዕበል ውስጥ ነድቼ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ያ ቁልቁለት ግን ግድግዳ መሰለኝ። ሰው በግራም በቀኝም ሽው እያለ ያልፈኛል፣ የአምስት ዓመት ሕፃናት ሳይቀሩ። ስኪውን አውልቄ በእግሬ ልውረድ ስል ቡቱ አንሸራቶኝ መልሼ ቁጭ አልኩ።

ማርታ በቀጣዩ ወንበር መጥታ ነበር። አጠገቤ ቆመች። የሳቀችብኝ እንዳይመስላችሁ፤ ፊቷ ላይ ያ የጠዋቱ ትኩረት ነበር።

«አባ፣ ታች አትይ። በቀጥታ አንወርድም። ወደዚያ ጥድ ነው የምንሄደው፣ በአግድም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እንዞርና ወደዚህኛው ምሰሶ። ጀርባዬን ብቻ እይ።»

ስኪዬን ገጠመችልኝ፤ ፊት ፊቴ ሆነች። ወደ ጥዱ ሄድን። ወደቅሁ፣ ጠበቀችኝ። ወደ ምሰሶው ሄድን። «ፒዛ፣ ፒዛ፣ አባ፣ ጉልበትህን እጠፍ!» ናታን አራት ጊዜ በአጠገባችን አለፈ፤ በእያንዳንዱ ዙር በረዶ ይረጭብናል። ግማሽ ላይ ስደርስ እንደገና ተደፋሁና አንድ ትልቅ ሰውዬ ቆሞ እርዳታ እንፈልግ እንደሆነ ጠየቀ። ማርታ ቀና ብላ፣ ቀስ ብላ መለሰችለት።

«ኖ፣ ቴንክ ዩ። ሂ ኢዝ ዊዝ ሚ።»

ከእኔ ጋር ነው ማለቷ ነው። ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ ሄደ። እኔ በረዶው ላይ እንደተቀመጥኩ ትንሽ ቆየሁ፤ ለመነሳት አልቸኮልኩም።

ናታን በሁለት ደቂቃ የሚወርደውን እኛ በአርባ ደቂቃ ወረድነው።

አርብ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሆቴል

ሁለት ሰፊ አልጋ፣ የሚያጉረመርም ማሞቂያ፣ በር ላይ የተንጠለጠሉ ስምንት ጓንቶች። ናታን ምንጣፉ ላይ ቆሞ አወራረዴን ለእናቱ እያስመሰለ ያሳያታል፤ ማርታ «እንደዚህ አይደለም፣ እጁ እንዲህ ነበር» እያለች ታርመዋለች። ሁለቱም እኩል ያወራሉ፣ ሰናይት ሆዷን ይዛለች። እኔ ጉልበቴ ላይ በረዶ አስሬ ተጋድሜ እሰማቸዋለሁ። ስለ እኔ ሲያወሩ የሰማሁት ገና ዛሬ ነው።

ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት

ሌሊቱን እውነተኛው በረዶ ወርዷል። ጥዶቹ ጎብጠዋል፣ የትናንቱ ቡናማ ማሳ ጠፍቷል። እኔ ከሕፃናቱ ጋር ትንሿ ኮረብታ ላይ ነኝ፤ አላፍርም፣ ሦስት ጊዜ ሳልወድቅ ወርጃለሁ። ልጆቹ ትልቁ ላይ ናቸው። እኩለ ቀን ሲሆን ሰናይት ከእሳቱ ተነስታ ወጣችና ከታች አጠገቤ ቆመች። የልጆቹ ሰማያዊና ብርቱካናማ ጃኬት ከላይ ብቅ አለ። ናታን የመጀመሪያ ቀን ሩጫውን ትቷል፤ እህቱን እየጠበቀ ይታጠፋል። እሷም ፒዛውን ለቃለች። ጎን ለጎን፣ አንዱ ሲታጠፍ ሌላው እየታጠፈ ወረዱ። ሰናይት አልቻለችም፤ እልልታዋን አቀለጠችው።

ኮረብታው በሙሉ ዞሮ አየን። ሊንዳ እየሳቀች መጥታ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ሰናይት ነገረቻት። ሊንዳም ሞከረችው፤ ድምፁ እንደ አውቶቡስ ፍሬን ነበር፣ ግን ከልቧ ነው።

ቅዳሜ፣ አሥራ አንድ ሰዓት

ወደ ደቡብ። ይመሻል። ሰናይት ከኋላ መተኛት ስለፈለገች ማርታ ከፊት ተቀመጠች። ገና ሀይዌይ ሳንገባ ናታን እናቱ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ እሷም ተከተለችው። ማሳው ሰማያዊ ሆኗል፣ የእርሻ ቤቶቹ መብራት በርቷል። ከኋላ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ጠይቂኝ።»

«ወደዚህ የመጣህ ቀን ለምን አልቀሰቀስከንም?»

ከአዲስ አበባ የወጣሁት በሌሊት በረራ ነበር። እሷ አሥር ዓመቷ ነበር፣ ናታን ሰባት። አልጋቸው አጠገብ ቆሜ፣ ብርድ ልብሳቸውን አስተካክዬ ወጣሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

«ብቀሰቅሳችሁ መሄድ አልችልም ነበር» አልኳት።

 አንድ ትልቅ መኪና አለፈን።

«እኔ ነቅቼ ነበር» አለች። «ዓይኔን ጨፍኜ ነው እንጂ ነቅቼ ነበር። ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው አታልቅሱ፣ አባታችሁ ይከፋዋል ይለን ነበር። ካየሁህ አለቅሳለሁ ብዬ ነው።»

ሉዊስ ሴንተር አጠገብ ካለው መውጫ ወጣሁና አንድ የተዘጋ ሱቅ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናውን አቆምኩ። መንገዱ አይታየኝም ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ተኝተው ነበር ብዬ ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ።

«ይቅር በይኝ ማርቲ።»

«እሺ» አለች። አፍንጫዋን በጓንቷ ጠረገች። «አንተም ይቅር በለኝ። ልሰናበትህ ይገባኝ ነበር።»

«ልጅ ነበርሽ።»

«አውቃለሁ።» ከዚያም፣ «እኔ ልንዳ?» አለች።

የልምምድ ፈቃድ ካወጣች ሁለት ወር ሆኗታል፤ እስከ ዛሬ ግን ከቸርች ፓርኪንግ ወጥታ አታውቅም። ቦታ ተቀያየርን። በሀይዌይ ሳይሆን በውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ በትራፊክ መብራቶቹ፣ በዝግታ ወደ ቤት ነዳች። ሁለት እጇ መሪው ላይ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። አንድም ጊዜ ፍሬን ያዢ አላልኳትም፤ በቀኝ እግሬ ግን ወለሉን ስረግጥ ነበር።

ሚነርቫ ፓርክ፣ ደጃችን። ሞተሩን አጠፋች። ከኋላ አሁንም ተኝተዋል፤ የናታን አፍ ተከፍቷል።

«ትንሽ እንተዋቸው?» አልኳት በሹክሹክታ።

ማርታ ወደ ኋላ ዞራ አየቻቸው።

«አይ» አለች፤ «ቀስቅሳቸው።»

እጄን ዘርግቼ የልጄን ጉልበት ነካሁ።

«ናቲ፣ ተነስ። ደርሰናል።»