ወንድሜ ከባቲ የተመለሰ ዕለት

ታላቅ ወንድሜ ባህር ላይ መሞቱን ከተረዳን በኋላ ቤታችን ለሳምንት ያህል ሰው አልጎደለበትም። የሚመጣው ሁሉ ለአባቴ የሚለው አንድ ነው፤ ቀደሩ ነው፣ አላህ የጻፈለት ነው፣ ሰብር አድርግ፣ ታገስ። እኔም ለእንግዳው ውሃ እያቀረብኩ ቀደሩ ነው እል ነበር። ከሁሉም ጮክ ብዬ ሳልል አልቀርም። ይህን ሳስታውስ አሁንም አፍራለሁ።

ወንድሜ ከሚሴ ውስጥ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ሳዑዲ የመሄዱን ሐሳብ ያመጣው እሱ አይደለም። ሰው በድብቅ የሚያሻግር ደላላ መጣ። አብረውት የተማሩት ከጅዳ እየደወሉ እስካሁን እዚያው ነህ ወይ እያሉ ሳቁበት። አባቴ ሂድ አላለውም፤ ግን የጎረቤታችን ልጅ ከዚያ ሆኖ ስላሠራው ቤት ደጋግሞ ያወራ ነበር። እኔ ደግሞ አስረኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ፈትቻለሁ። እሱ ከሄደ ባጃጁ ለእኔ ነው።

ሊሄድ ሲል ሽማግሎች ተሰብስበው ዱዓ አደረጉለት። በእኛ ዘንድ ዱዓ ተደርጎለት የወጣ መንገደኛ ከመንገድ አይመለስም። የሚከለክል ሕግ የለም። ነውር ነው እንጂ፤ የሽማግሎቹን ዱዓ መናቅ ይመስላል።

እሱ ግን ተመለሰ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ባጃጅ ተራ ቆሜ ከሚኒባስ ሲወርድ አየሁት። ደላላው እሱንና ሌሎቹን ከባቲ ወደ አፋር ሊወስዳቸው ሲል ወንድሜ ከመካከላቸው ጠፍቶ ነው የመጣው። ቤት ሳይገባ መጀመሪያ የፈለገው እኔን ነው። ባጃጁ ውስጥ ከኋላዬ ተቀመጠና በኦሮምኛ ፈርቻለሁ አለኝ። ወንድሜ ፈራሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ በአማርኛ ጠየቀኝ።

«ብቀር ምን ትላለህ?»

እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ና ቤት እንግባ እንዲባል ነው የሚፈልገው። አልገባኝም ነበር ብል ውሸት ነው።

«ሽማግሌው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አድርጎልህ? አባ በምን ፊቱ መስጊድ ይሄዳል?» አልኩት።

ሊስቅ ሞከረ። «አንተ ደግሞ መቼ ነው ሽማግሌ የሆንከው» አለ። ሞተሩን አስነስቼ መልሼ ወደ ሚኒባሶቹ ወሰድኩት። ሲወርድ የኋላው ጎማ ንፋስ ስለጎደለው አስሞላው አለኝ። ባጃጁን መፈለጌን ያወቀብኝ ይመስለኛል።

ደላላው ገፍቶታል፣ ጓደኞቹም፣ ድህነቱም። እኔንም የገፋኝ ነገር ነበር፤ ሥራ ማጣቱ፣ የሰው አፍ። ይህን ሁሉ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ግን በዚያ ረፋድ አጠገባችን ማንም አልነበረም። ማንም አላስገደደኝም። ቤታችን ደግሞ ቅርብ ነው።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ አባቴን የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን ሰግዶ ደጅ ተቀምጦ አገኘሁትና እየተንተባተብኩ ነገርኩት። የወንድሜን መመለስ አያውቅም ነበር። መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። ያው ቀደሩ ነው አባ ብዬ ልጨርስ ስል በእጁ አስቆመኝ።

«ቀደሩን ለአላህ ተወው። ቤት ልታመጣው ትችል ነበር?»

«እችል ነበር» አልኩት።

ቀና ብሎ አላየኝም።

«እኔም አትሂድ ማለት እችል ነበር» አለ።

ጥፋቱን እንደዚህ ቢካፈለኝ ይቀለኛል ብዬ አስብ ነበር። አልቀለለኝም።