ስለ ጌም የማልኩት ወላሂ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለሚስቴም ጭምር። ብነግራት “ለጌም ነው እንዴ?” ብላ ትስቅብኛለች። አዎ፣ ለጌም ነው። እኔ ግን ለዚያ ጌም ስል የአላህን ስም ጠርቼ በውሸት ምያለሁ።

ልጆች ሳለን ከሚሴ ውስጥ አንድ ጌም ቤት ነበር። አህመድ፣ ሁሴንና እኔ ከመድረሳ ስንወጣ ቀጥታ ወደዚያ ነበር። አህመድ አንዱን ባለ ጎራዴ ጨዋታ ክረምቱን ሙሉ ሲታገል ከርሞ መጨረሻው አፋፍ ላይ ደርሶ ነበር። እያንዳንዳችን በጨዋታው የደረስንበት የሚቀመጠው በአንድ ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው፤ ከዚያ የጠፋበት ከሀ ይጀምራል። አንድ ቀን ካርዱ ሞላና የእኔን ለማስቀመጥ አንድ ነገር ማጥፋት ግድ ሆነ። የራሴን አሮጌ ማጥፋት እችል ነበር። የአህመድን አጠፋሁ። ተሳስቼ ነው? አይደለም። ስሙን አንብቤ ነው። ቀንቼ ነው። ከእኔ በፊት እንዲጨርስ አልፈለግሁም።

አህመድ ሲያለቅስ የጌም ቤቱ ባለቤት “ማነው ያጠፋው?” ብሎ ጮኸ። ከእኔ ቀጥሎ የተጫወተው ሁሴን ነበር።

“ወላሂ፣ ሁሴን ነው” አልኩ።

እኛ ዘንድ ወላሂ ከተባለ ወዲያ ማን ይጠይቃል? ሁሴንን “አንተስ ማል” አሉት። አባቱ ለተራ ነገር የአላህን ስም አትጥራ እያሉ ያሳደጉት ልጅ ነው። “እኔ አይደለሁም፣ ግን አልምልም” አለ። አለመማሉ ጥፋተኛ አደረገው። ከጌም ቤቱ ተባረረ፣ እኛም አኮረፍነው።

ዘንድሮ ያ ጌም እንደ አዲስ ተሠርቶ ወጣ። አህመድ ገዛውና የድሮዎቹ የጌም ቤት ልጆች ከጁምዓ ሶላት በኋላ እሱ ቤት እንሰበሰባለን። ራሳችን የተመለጠ ሰዎች ለልጆቻችን ተራ እየከለከልን እንጫወታለን። ሥዕሉ አምሯል፣ የባለ ጎራዴው ፀጉር እንኳ በነፋስ ይበተናል። የመግቢያው ሙዚቃ ግን ያው የድሮው ነው። ሲጀምር ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ይመለስልኛል። ያን ጊዜ እንደ እኔ የሚናፍቅ ያለ አይመስለኝም። ያበላሸሁትስ እኔው አይደለሁ?

ባለፈው ጁምዓ አህመድ ሁሴንንም ጠራው። ሁሴን አሁን ጨፋ ሮቢት እህል ይነግዳል። “አካም ጅርታ፣ ወንድሜ!” ብሎ አቀፈኝ። ያለፈው አልፏል ብለው ጆይስቲኩን ሰጡት። እንደ ልጅ እየጮኸ ተጫወተ። ሲጨርስ ጨዋታውን ማስቀመጥ ነበረበት፤ ጆይስቲኩን ግን ለአህመድ መለሰለት።

“አንተው አስቀምጠው፤ ኋላ ጠፋ እንዳትሉኝ” አለ እየሳቀ።

አህመድ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አፉ በሉኝ ብዬ እናንተን አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ያኔ ልጅ ነበርኩ ብዬም አላመካኝም። ባለፈው ጁምዓ ልጅ አልነበርኩም።